በዓይን ታይቷል

ጋሽ መስታወት ሰው ቤት ሲጋበዝ ሚስቱ ገና በር ላይ ታስጠነቅቀዋለች። «ዛሬ ብርጭቆ ላይ እንዳትተነፍስ፤ ሰው ፊት አታዋርደኝ» ትለዋለች። እሱም «እሺ» ይላል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይቀዳለታል፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ባዶውን ብርጭቆ ወደ አፉ ያስጠጋና «ሃ» ብሎ ይተነፍስበታል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዘወር አድርጎ ያየዋል። የቤቱ እመቤት ፊቷ ይለዋወጣል፤ ሚስቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን ማንንም መንቀፉ አይደለም። ትንፋሹ የለመደውን ይሠራል፤ ማድረጉን ራሱ የሚያውቀው ሚስቱ በጠረጴዛ ሥር ስትረግጠው ነው።

ስለዚህ ሰው የምጽፈው ቅዱስ ሆኖብኝ አይደለም። ግትር ነው። ነገር ይደብቃል። አንድ ቀልድ አለችው፤ ሰውየው መስታወት ገዝቶ ሄደና በማግስቱ መለሰው፣ ምን ሆነ ቢሉት «ሌላ ሰው ገብቶበታል» አለ የምትል። እሷኑ ሃያ ጊዜ ይነግርሃል፣ ሃያ ጊዜ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። በማን እንደተናደድኩ ታሪኩ ይናገራል፤ ከሰዎቹ አንዱ እኔ እንደሆንኩ ግን ከአሁኑ ልናገር፣ በኋላ «ራሱን ደበቀ» እንዳልባል።

ሙያው መስታወት ማጠብ ነው። እንዲህ ሲባል የሚስቅ ሰው አለ፤ መስኮት የሚወለውል ይመስለዋል። ጋሽ መስታወት ገና በጎረምሳነቱ የፊት መስታወት የሚሠራበት ቤት ተቀጠረ። ጥሬው መስታወት ታጥቦ፣ ጀርባው ብር ተቀብቶ፣ ፊት ማያ የሚሆንበት ቤት ነው። እድፍ ላይ የተቀባ ብር አይይዝም፤ ዛሬ ያብረቀርቅና ከዓመት በኋላ እንደ እከክ ይላጣል። ስለዚህ አሠሪው ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን አንድ መስታወት አስያዘውና «ንጹሕ ነው?» አለው። አገላብጦ አይቶ «ንጹሕ ነው» አለ። ሽማግሌው ወስዶ ተነፈሰበት። በጭጋጉ ውስጥ አምስት የጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ዓይን ያታልላል፣ ትንፋሽ አያታልልም» አለው።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሠራ። የራሱ መኖሪያ ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ከዚያ ቤት ለሽያጭ ሳይበቁ በቀሩ መስታወቶች ተሸፍኗል፣ አንዱ ጥጉ የጠቆረ፣ አንዱ መሐሉ የተላጠ። አንድያ ልጁ ያደገችው የመስታወቱን ነውር ለማለፍ አንገቷን ዘንበል እያደረገች ፀጉሯን በማበጠር ነው፤ ዛሬም ፎቶ ስትነሳ ሳታውቀው ዘንበል ትላለች። ከዚያ ርካሽ የፊት መስታወት በየኮንቴይነሩ ይገባ ጀመር፣ ሽማግሌው ሞተ፣ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ጋሽ መስታወት ሥራ ሲያፈላልግ ከከተማው ዳር ባለ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ መስታወት አጣቢ ይፈለጋል ሲባል ሰማ። መጋዘኑ እኔ የምሠራበት ነበር።

የምንሠራው የፀሐይ ፓነል ነው፤ ጣሪያ ላይ የምታዩት በየካሬው የተከፋፈለው ዓይነት ግን አይደለም። የእኛ ስስ ሽፋን ይባላል። መስታወቱ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ክፍል ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የጋለ ዱቄት ተንኖ ይነሳና መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሚቀጥን ሽፋን ይሆናል። ሁለት ሦስት ዓይነት ሽፋን ይደራረብና በላዩ ሌላ መስታወት ይለጠፍበታል። ፀሐይ ሲነካው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ያንን ክፍል የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቁልፍ እጫናለሁ፣ የሚቆጥረውን አያለሁ፣ እጽፋለሁ።

ሥራው የሦስት ድርጅቶች የጋራ ሥራ ነበር። የምርምር ተቋሙ አሠራሩን አመጣ፣ የመስታወት ፋብሪካው መስታወቱንና መጋዘኑን ሰጠ፣ ባለማሽኖቹ ማሽናቸውን ተከሉ። እኛ ሠራተኞቹ «ሦስቱ ጉልቻ» እንላቸው ነበር፤ ድስቱ ሲያርር ግን ሦስቱም «በእኔ በኩል አይደለም» ባዮች ናቸው። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ግማሹ ስብሰባ ስለ ሽፋኑ ነው፤ ግማሹ ነገ ሽፋኑ የማን ይሆናል በሚለው ያልቃል።

መስታወት በሚነካበት የመጋዘኑ ክፍል ሁሉ ነጭ ጋዋን፣ ኮፍያ፣ ጓንትና ጭምብል ግዴታ ነው። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ የጭምብሉ ነበር። ከሰው አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሽፋኑ ጠላት ነው ተብለን ተምረናል። አንድ ባልደረባችን አፍንጫውን ሊያክ ጭምብሉን ዝቅ ሲያደርግ ታየና በሳምንቱ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲያ አፍንጫችንን ሲበላን ዓይናችን እንባ እስኪያቀርር ቆመን እንታገሥ ነበር።

ጋሽ መስታወት እንዲህ ባለ ቦታ፣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበር የሚተነፍሰው። መስታወቱን በሳሙና ያጥባል፣ ያለቀልቃል፣ በአየር ያደርቃል። ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጭምብሉን በአንድ ጣት ዝቅ ያደርግና «ሃ» ይላል። ያያል። ጭምብሉን ይመልሳል። ጭጋጉ እኩል የያዘውን መስታወት እንደገና በተጣራ ውሃ አለቅልቆ፣ አድርቆ ወደ እኔ ይልከዋል፤ ጭጋጉ የተቆራረጠበትን ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ከአምስቱ አንዱ ይመለስ ነበር። ለየመስታወቱ የሚሞላው ቅጽ ላይ ግን ስለተመለሰ መስታወት የሚጠይቅ ቦታ የለም። «በዓይን ታይቷል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ጎኑ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ምልክቱን ያደርጋል። ውሸት አልነበረም፣ በዓይኑ ነው ያየው።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ደረስኩበት። በመሐላችን ባለው መስኮት ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያየሁ።»

«በአፍህ?»

«አንተ የራስህን ቁልፍ ተጫን» አለኝና ዳቦውን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ዳቦውን በላሁ፣ ነገሩንም አብሬ ዋጥኩት።

እንዲህ አራት ዓመት አለፈ። ውጤታችን ያማረ ነበር። ከመቶ ፓነል ዘጠና ስድስቱ ያልፋል፤ ጣሪያ ላይ ከተሰቀሉት አንድም አልተላጠም። የተቋሙ ዶክተር ያንን ቁጥር ይዞ በየአገሩ ይዞራል። ጎብኚ ሲመጣ የእኔ ማሽን ፊት ፎቶ ይነሳል፤ የማጠቢያውን በር ግን ሁሉም አልፎት ይሄዳል፣ ሳሙና ምን ይታያል። በመጨረሻ ሦስቱ ጉልቻ ተስማሙና ትልቁን ፋብሪካ ሊያቆሙ ወሰኑ።

ወደ ፋብሪካው የሚሄደው የእኛ አሠራር ስለሆነ አንዲት ሰነድ አዘጋጅ ተላከች፣ እያንዳንዳችን የምናደርገውን አንድ በአንድ እንድትጽፍ። ጎበዝ ልጅ ነበረች። እኔ ጋ ሁለት ቀን ቆየች። እሱ ጋ ግማሽ ሰዓት።

«ከታጠበ በኋላስ ምን ያደርጋሉ?» አለችው።

ጋሽ መስታወት እኔን አየኝ። ሦስት እርምጃ ርቄ ጓንት እየቀየርኩ ነበር። በዚያው ሰሞን የማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ወደ ትልቁ ፋብሪካ እንደሚዛወር ተነግሮታል፤ ልጁም እዚያ ጥራት ቁጥጥር ውስጥ በኮንትራት ልትቀጠር ስሟ ገብቷል። አፍንጫውን ያከከው ባልደረባችን ደግሞ ከማናችንም ልብ አልወጣም።

«አያለሁ» አላት።

«በዓይን ይታያል» ብላ ጻፈች፣ አመስግናው ሄደች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። በኋላ «ለምን አልነገርካትም?» ስለው «ያን ሁሉ ማሽን የሚያመጡ ሰዎች የሚያዩበት ዘዴ ያጣሉ?» አለኝ። ከልቡ ነበር። ትልቅ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ትንሿን ነገር ሳያስቡባት አይቀሩም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እኔ ያን ያህል አላምንም ነበር፤ ሆኖም ዝም አልኩ።

ትልቁ ፋብሪካ ተከፈተ፣ እኛም ወደዚያ ተዛወርን። መስታወቱ የበር ያህል ነው። ማጠቢያው እንደ አውቶቡስ የረዘመ ማሽን ነው፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላው በኩል ታጥቦ፣ ደርቆ ይወጣል፣ የሰው እጅ አይነካውም። የማጠቢያ ኃላፊነቱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ፤ ቦታው ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈልገው ተባለ። ጋሽ መስታወትን ግምጃ ቤት ውስጥ ሣጥን ከፋች አደረጉት። ከመስታወት ፋብሪካው የሚመጣውን ሣጥን ሚስማሩን እየነቀለ ይከፍታል። አላማረረም። ለጡረታው ሦስት ዓመት ከምናምን ነበር የቀረው፣ ልጁም ተቀጥራለች። አንድ ቀን ብቻ ከታጠቡት አንዱን ሊያይ ማጠቢያው ድረስ ሄዶ ነበር፤ መታወቂያው በሩን አልከፈተለትም።

በዘጠነኛው ወር ፓነሎች መመለስ ጀመሩ። ሽፋኑ ክብ ክብ እየሠራ ተላጥቷል። እያንዳንዱ ክብ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ያህል ነው፤ በአንድ ፓነል ላይ ስድስት፣ ሁልጊዜ ስድስት፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ። ዶክተሩ ሙቀቱን ጠረጠረ፣ ባለማሽኖቹ ዱቄቱን ጠረጠሩ፣ የመስታወት ፋብሪካው ሁለቱንም ጠረጠረ። የእኔን ክፍል ሁለት ጊዜ ፈትተው ሁለት ጊዜ ገጠሙት። ምርት ቆመ። ኮንትራት ሲያልቅ እንደማይታደስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የጋሽ መስታወት ልጅ አርባ ቀን ቀራት።

በዚያ ሰሞን ልጅቱ የተላጠ ፓነል ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣችና ለአባቷ አሳየችው። እኔም ቤታቸው ነበርኩ። መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብዙም አልቆየ።

«ይሄ የላስቲክ ከንፈር ነው» አለ።

«የምን ከንፈር፣ አባዬ?»

«መስታወት የሚያነሳው ክንድ አለ አይደል? ጫፉ ላይ ላስቲክ አለው፣ ጠብቶ ነው የሚይዘው። መስታወት ፋብሪካው ውስጥ ሲያሽጉ በሱ ነው የሚያነሱት። ቁጠሪያቸው፣ ስድስት ናቸው። የላስቲኩ ቅባት መስታወቱ ላይ ይቀራል። በዓይን አይታይም፣ በሳሙናም አይለቅም። መጋዘን እያለን መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ከንፈር ብቻ ነበር የሚያነሳው። ያገኘሁትን እየመለስኩ በአልኮል እፈትገው ነበር።»

«በዓይን ካልታየ በምን ታገኘው ነበር?»

አባትዬው ስልኩን መለሰላት። ልጅቱ እኔን አየችኝ። እኔ ተነስቼ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰርቪስ ስንጠብቅ ከሰው ነጠል አድርጎ ወሰደኝ።

«ልነግራቸው ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረህ። ጭምብል አውርጄ አራት ዓመት ስተነፍስ ኖሬያለሁ ብለህ በገዛ አፍህ ልትናገር ነው?»

«ልጄ አርባ ቀን ነው የቀራት። ካላወቁት ደግሞ ፋብሪካውም ይዘጋል፣ አንተም ትወጣለህ።»

«እሺ ስም ሳትጠራ ጽፈህ ጣልላቸው።»

«የሚጻፍ ነገር አይደለም። ካላዩት አያምኑም።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ይውጣ» አለ። አብሬህ ልግባ አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ስብሰባው ላይ ሦስቱም ጉልቻ ነበሩ፦ የተቋሙ ዶክተር፣ የመስታወት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የባለማሽኖቹ ወኪል የሆነች ሴት። እኔ ስለ ክፍሌ እንድጠየቅ ተጠርቻለሁ፤ ልጅቱ ናሙና ይዛ ጥግ ቆማለች። ጋሽ መስታወት ተላጭቶ፣ የሥራ ልብሱን አጥቦ ገባ። ታጥቦ የወጣ፣ ገና ያልተቀባ መስታወት እንዲያመጡለት ለመነ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡና በመስኮቱ ፊት አቆሙት። ንጹሕ ነው፤ ማዶ ያለው ግንብ በውስጡ ይታያል።

«ይቅርታ» አለና ጎንበስ ብሎ ተነፈሰበት።

ክቡ ወጣ። አንድ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ተነፈሰ፤ ሁለተኛው ወጣ። ስድስቱንም አንድ በአንድ አወጣቸው። በመጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሮት ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ምን አድርጌ እንደኮራሁ ግን እንጃ።

መጀመሪያ የተናገረው የመስታወት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። ላስቲኩ የማን እንደሆነ ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነበር።

«ይህን ማድረግ ከጀመሩ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?»

«መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ።»

«ጭምብልዎን አውርደው?»

«በጭምብልማ አይተነፈስም» አለ ጋሽ መስታወት። ሊያስቅ ፈልጎ አልነበረም።

«ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንም።»

ወኪሏ መጻፍ ጀመረች። ዶክተሩ ተነስቶ መስታወቱ ጋ ሄደ፣ እሱም ቀስ ብሎ ተነፈሰበት፣ ክቡን በጣቱ ዙሪያውን ሳለው። ከዚያ ከመቶ ስንቱ ይመለስ እንደነበር ጠየቀ። ጋሽ መስታወት «ከአምስት አንዱ» ሲለው ፊቱ አመድ መሰለ። በየአገሩ ይዞት የዞረው ቁጥር የአንድ አጣቢ ትንፋሽ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ መስታወት ገና የሚለው ነበረው፣ «አንድ ነገር ልጨምር» ብሎ ነበር፤ ይበቃል፣ እናመሰግናለን ብለው አስወጡት።

እሱ ችግራቸውን የፈታላቸው መስሎት ወጣ። ደረጃው ላይ ጠብቆኝ «አየኸው? ስድስቱም ወጡ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ያሳያቸው መስታወት ነው፤ እነሱ ያዩት ግን እርስ በርስ የሚካሰሱበትን ነገር ነው። ጥፋቱ የመስታወት ፋብሪካው ከተባለ ስምምነቱ ይፈርሳል። የተቋሙ ከተባለ ዶክተሩ ይዋረዳል። ማጠቢያ ማሽኑ አላጠራም ከተባለ ባለማሽኖቹ ይከስራሉ። ለሦስቱም የሚመች ጥፋተኛ ተፈለገ፣ ተገኘም፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ሣጥን ይከፍታል።

ቃለ ጉባኤው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። «በሙከራው ወቅት በአንድ የእጥበት ሠራተኛ በተፈጸመ ያልተፈቀደና ከንጽህና ደንብ ውጭ በሆነ ድርጊት ምክንያት የሙከራው ውጤት ተዛብቷል፤ ወደ ምርት የተላለፈውም አሠራር በዚሁ የተዛባ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው» ይላል። ስለ ላስቲኩ ዘጠነኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለች፣ «የማሸግ ሂደቱ ይሻሻላል» የምትል። ከዚያ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ። የተሰበረው፣ የተቃጠለው፣ በእኛ ስንፍና የተበላሸው ሁሉ የእሱ ትንፋሽ ነው ይባል ጀመር። ምራቁ ላይ የሆነ ነገር አለበት ያለም አለ።

ስብሰባው ላይ የነበርን ሁሉ መፈረም ነበረብን። እኔ በዚያው ቀን ፈረምኩ። ስለ ክፍሌ የተጻፈው እውነት ነበር፤ ሌላውን እንዳላነበብኩ ሆንኩ። ልጅቱ ግን ወረቀቱን ይዛ ቤት ሄደች። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

«አልፈርምም፣ አባዬ» አለችው።

ተቀብሎ አነበበው፣ በጣቱ እየተከተለ። አንድ ቃል ላይ ቆመና «ተዛብቷል ሲሉ ተበላሽቷል ማለታቸው ነው?» አላት።

«እንደዛ ነው።»

«የኔ መስታወት?»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና «ኮንትራቱን ምን አሉሽ?» አለ።

«ምርት ሲቀጥል ቋሚ ያደርጉኛል። ከፈረምኩ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንቺ ስላልፈረምሽ የተጻፈው አይፋቅም። ፈርሚ።»

ፈረመች። በሳምንቱ ጋሽ መስታወት በዲሲፕሊን ተሰናበተ፣ ጡረታውም አብሮ ሄደ። ሚስቱ ለጎረቤት «አትተንፍስ ብዬው ነበር እኮ» ብላ ቀለደች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ አሁን አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ መስኮት ይወለውላል። ሙያውን ሲሰሙ ይስቁ የነበሩት ሰዎች አሁን ተሳክቶላቸዋል። ሠራተኛው ሁሉ ተመልሷል፣ ምርት ቀጥሏል፣ የመስታወት ፋብሪካው ላስቲኩን ቀይሯል። ፋብሪካውን ያዳነው እሱ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ብንቆጠር አንድ ሰርቪስ እንሞላለን። በየጠዋቱ ሰርቪሱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ማንም ስሙን አያነሳም።

ዘንድሮ ማጠቢያው ጫፍ ላይ አዲስ ማሽን ተተከለ። በሚያልፈው መስታወት ላይ ስስ እንፋሎት ይነፋበታል፣ ካሜራ ፎቶ ያነሳዋል፣ ጭጋጉ የተቆራረጠበትን መስታወት ወደ እጥበት ይመልሰዋል። ጎኑ ላይ «የሦስቱ ተባባሪዎች የጋራ ፈጠራ» የሚል ሰሌዳ አለው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ማሽኑን እንድትይዝ የተመደበችው የጋሽ መስታወት ልጅ ናት፤ ጎበዝ ስለሆነች ነው፣ ሌላ ተንኮል የለበትም። በአጠገቡ የምንሠራ ሁሉ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግና እንዴት እንደሚያደርግ ለማንም ላንናገር ፈረምን።

በዚያው ወር አንድ እሁድ ቤታቸው ምሳ ጠሩኝ። አራታችን ተቀመጥን። ጋሽ መስታወት ሾርባውን ግማሽ ካደረሰ በኋላ «ማሽን ገባ አሉ» አለ። «እንፋሎት የሚነፋ። የሰርቪሱ ሾፌር ነው የነገረኝ።»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አልቀየምኩም እኮ» አለ። «ድሮም መኖር የነበረበት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ፎቶውን የሚያነሳው ጭጋጉ ሲያርፍ ነው፣ ሲጠፋ?»

እኔ ዳቦ መቁረስ ጀመርኩ።

«ሲያርፍ ከሆነ ወፍራሙን እድፍ ብቻ ነው የሚያየው። ስሱ እድፍ ጭጋጉ ሲያርፍ ንጹሕ ነው የሚመስለው። ሲጠፋ ነው እድፉ ላይ ያለው ጭጋግ ወደ ኋላ የሚቀረው፣ ትንሽ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ብቻ። ይቺን ለመለየት እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ቀን ልነግራቸው ነበር፣ አላስጨረሱኝም።»

«አባዬ፣ ስለ ማሽኑ እንዳልናገር ፈርሜያለሁ» አለች ልጅቱ።

«ለኔም?»

«ለማንም።»

ወደ እኔ ዞረ። ማሽኑን በየቀኑ አየዋለሁ። ፎቶውን የሚያነሳው ጭጋጉ ሲያርፍ ነው፤ እስኪጠፋ ቢጠበቅ በየመስታወቱ አሥራ አምስት ሰከንድ ይባክናል ብለው ትተውታል።

«እኔም ፈርሜያለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሁለታችንን እያፈራረቀ አየን። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ አልፈረምኩም» አለ። «ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ፤ ሲጠፋ ነው መታየት ያለበት። ሄዳችሁ ንገሯቸው። አለበለዚያ ከዓመት በኋላ መላጡ አይቀርም።» ሚስቱ ሾርባ ጨመረችለት፣ ጎንበስ ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ብንነግራቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ማን ነገራችሁ?» ነው። ሁለተኛው «ስለ ማሽኑ ከማን ጋር አወራችሁ?» ነው። ልጅቱ ቋሚ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው። እኔ ለጡረታ አምስት ዓመት ይቀረኛል። ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን፤ አንዳችንም አላነሳነውም። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሰባት ወር ሆነ። በቀን ስምንት መቶ መስታወት በእኔ በኩል ያልፋል። አልነገርናቸውም።